የታሪክ ለጋሽ ደረሰኝ የለውም

በቶሮንቶ ለአንድ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት 20 ዶላር የሰጠ ሰው ለግብር የሚያገለግል ደረሰኝ ይቀበላል። በደረሰኙ ላይ የድርጅቱ የምዝገባ ቁጥር፣ የሰጪው ስምና አድራሻ፣ የገንዘቡ መጠንና የተሰጠበት ጊዜ ይሰፍራሉ፤ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የወሰነው የፌዴራሉ የገቢ ግብር ደንብ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ለካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ በሚያቀርበውና ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው በሚችለው ሪፖርት ውስጥ ያ ገንዘብ ይቆጠራል። ድርጅቱ የለጋሾቹን የስም ዝርዝር ለሌላ ቢሸጥ፣ ቢለውጥ ወይም ቢያከራይ ደግሞ የፌዴራሉ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይይዘዋል።

በዚያው ምሽት፣ በዚያው አዳራሽ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ሕመሟ፣ ስለ ሞተባት ልጅ ወይም በሰሃራ በረሃ ስላለፈችበት መንገድ የተናገረች ሴት ግን ጭብጨባ ተቀብላ ወደ መቀመጫዋ ትመለሳለች። ንግግሯ ተቀርጿል፤ ፎቶግራፏም ተነሥቷል። ምን እንደሰጠች፣ የሰጠችው ለየትኛው ሥራ እንደሚውልና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚገልጽ ወረቀት በእጇ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ፊቷን በአውቶቡስ መጠበቂያ ማስታወቂያ ላይ ብታገኘው ለማን አቤት እንደምትል አታውቅም።

ይህች ሴት ለጋሽ ናት። ከ20 ዶላሩም የሚበልጥ፣ ከሰጠችው በኋላ መልሳ ልታገኘው የማትችለውን ነገር ሰጥታለች። የኦንታሪዮ ሕግ ግን ከ20 ዶላሩ ያነሰ ጥበቃ ያደርግላታል። ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት እንላለን፤ የሚዘጋውም በድርጅቶች መልካም ፈቃድ ብቻ አይደለም።

በግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻዎች ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በሩቅ አገር በሚኖሩ ተረጂዎች ምስል ላይ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የዘመቻዎቻችን ዋና ጥሬ ዕቃ የደጋፊዎች ታሪክ ነው፦ ከበሽታ የዳኑ፣ ልጅ የቀበሩ፣ ጥገኝነት ያገኙ፣ በማኅበሩ ታግዘው ቆመው አሁን ለማኅበሩ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። የሚናገሩት ደግሞ ልጆቻቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ አሠሪያቸው በሚኖርበት ከተማና ዘመዶቻቸው በሚያዩት ስልክ ላይ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ቶሮንቶ እንግዳ ከተማ አይደለችም፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የቢቢሲው ማይክል ብዩርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያዘጋጁት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላልፎ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ የካናዳው ሲቢሲ ጋዜጠኛ ብሪያን ስቴዋርትም ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ትግራይ ተጉዞ ነበር። መቀሌ ላይ ካሜራቸው የአንዲት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ፊት ላይ ዐረፈ። ነርሷ ሕፃኗ ከሩብ ሰዓት በላይ እንደማትቆይ ተናግራ ነበር፤ መቃብሯም እየተቆፈረ ነበር። ሕፃኗ ግን ተረፈች። ስሟም ብርሃን ወልዱ ነው።

ፊቷ ከእርሷ ቀድሞ ዓለምን ዞረ። ሲቢሲ ምስሎቹን ከአንድ የአሜሪካ ባንድ ዘፈን ጋር አዋሕዶ ያዘጋጀው አጭር ፊልም ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም በላይቭ ኤይድ መድረክ ላይ ታየ። ፊልሙን ያስተዋወቀው ዴቪድ ቦዊ ነበር፤ ለፊልሙ ጊዜ ለመስጠት ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቷል። ከዚያ አምስት ወራት ቀደም ብሎ የካናዳ ዘፋኞች ለዚሁ ረሃብ «ቲርስ አር ኖት ኢነፍ» የተባለውን ዜማ የቀረጹት እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በለንደኑ ሃይድ ፓርክ በተካሄደው ላይቭ ኤይት ያው ምስል በግዙፉ ስክሪን ላይ ዳግመኛ ታየ፤ ወዲያውም ግብርና የተማረችው ወጣት ብርሃን ራሷ ወደ መድረኩ ወጣች። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች።

ያን ቀን ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ፍሬ ነገሩ ግን ዕንባው አይደለም። ብርሃን መድረኩ ላይ ስትደርስ ታሪኳ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲነገር ቆይቷል፤ ከየት እንደሚጀምርና ምን ማለት እንደሆነ ሌሎች ወስነውት ጨርሰዋል። የሦስት ዓመት ሕፃን ፈቃድ ልትሰጥ አትችልም። በ1977 ያ ምስል ባይታይ ብዙ ሰው ይሞት ነበር የሚለውን ክርክር አንቀበልም ብንል ሐሰተኞች እንሆናለን፤ እውነት ነውና። ነገር ግን አንድ ምስል በአስቸኳይ ጊዜ መተላለፉ አንድ ነገር ነው፤ አስቸኳዩ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት የማንም ንብረት ሆኖ መዞሩ ሌላ ነው። በዚህ ረገድ ስቴዋርት የሠራው ሥራ ይመሰገናል፦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ሕፃኗን ፈልጎ አገኛት፤ ትምህርቷንም ደገፈ። ከምስሉ በስተጀርባ ሰው መኖሩን አልዘነጋም። በዚያው ፊልም ውስጥ የታዩት ሌሎች ፊቶች ግን እስከ ዛሬ ስም የላቸውም።

ታሪክ ለአንድ ዓላማ ተሰጥቶ ለሌላ ዓላማ ሲውል ምን እንደሚሆንም ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መባቻ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው የወሎ ረሃብ ፊልም ዓላማው እርዳታ መጥራት ነበር። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የረሃቡ መደበቅ ወንጀል ነበር፤ ፊልሙም ሐሰት አልነበረም። የወሎ ገበሬዎች ግን ፊታቸውን ለካሜራ የሰጡት እህል ለማግኘት ነበር እንጂ ለማንም የሥልጣን ሽግግር ማጀቢያ ለመሆን አልነበረም። የተቀረጸ ታሪክ መቀስ ለያዘ ሁሉ ይታዘዛል። ይህ በፊልም ዘመን እውነት ከነበረ፣ ማንኛውም ወጣት በስልኩ ቆርጦ በሚቀጥልበት በዛሬው ዘመን ምን ያህል እውነት እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ወደ ካናዳ እንመለስ። እዚህ አገር የደጋፊ ታሪክ ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው ቴሪ ፎክስን ነው። በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ያጣው ይህ ወጣት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ከሴንት ጆንስ ተነሥቶ በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀናት ሮጦ፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ታንደር ቤይ አቅራቢያ ካንሰሩ ወደ ሳንባው በመዛመቱ አቆመ። ሐምሌ ውስጥ በቶሮንቶ ናታን ፊሊፕስ አደባባይ ሺዎች ተቀብለውታል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ታሪኩን እንዴት እንደጠበቀው ነው። ሩጫው የማንም ሸቀጥ ማስታወቂያ እንዲሆን አልፈቀደም፤ በስሙ የሚካሄደው ዓመታዊ ሩጫ ውድድር እንዳይሆን የተደረገውም በእርሱ ፍላጎት ነው። ቤተሰቡ ከሞቱ በኋላ ያንኑ መሥመር ይዞ ቆይቷል። የቴሪ ፎክስ ታሪክ አርባ ዓመት አልፎት ያልረከሰው ባለቤት ስለነበረው ይመስለናል።

ሌላኛው ጫፍም የቶሮንቶ ነው። መቀመጫውን እዚህ ያደረገው ዊ ቻሪቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በነበረው የተማሪዎች ድጋፍ ውል ሰበብ በምርመራ ውስጥ በገባ ጊዜ፣ የሁሉም ዓይን በውሉ ገንዘብ ላይ ነበር። በየካቲት 2021 ግን በፓርላማው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አንድ አሜሪካዊ አባት ቀረበ። ትንሽ ልጁን በአደጋ አጥቷል፤ በልጁ መታሰቢያ ኬንያ ውስጥ ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ አሰባስቧል፤ ሐዘኑንም በየመድረኩ ተናግሯል። ለኮሚቴው የነገረው በልጁ ስም ተለጥፎ የነበረው ጽላት ተነሥቶ በምትኩ የሌላ ለጋሽ ስም እንደተለጠፈ ነው። ስለ ሌሎቹ ክሶች ማንም የፈለገውን አቋም ይያዝ። ያ ምስክርነት ያሳየን አንድ ነገር አለ፦ ያ አባት የሰጠውን ገንዘብ የሚከታተልበት መንገድ ነበረው፤ የሰጠውን ሐዘን የሚከታተልበት መንገድ ግን ምክር ቤት ቀርቦ ከመናገር በቀር አልነበረውም።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ነገሩን የሚያከብዱት ሁለት ቃላት አሉ፦ ገበናና ይሉኝታ። ለካናዳውያን ባልደረቦቻችን ስናስረዳ ሁልጊዜ እንቸገራለን።

ገበና የአንድ ሰው ብቻ ምሥጢር አይደለም፤ የቤት ነው። አንዲት ሴት ስለ ባሏ ዱላ በመድረክ ብትናገር የእርሷ ታሪክ ነው፤ ግን የልጆቿም፣ የእናቷም፣ የባሏ እኅቶችም ታሪክ ይሆናል። የአገራችን አጠራር ስምን ከአባት ስም ጋር ስለሚያያይዝ፣ የአንዲት ሴት ሙሉ ስምና የተወለደችበት ወረዳ ከተጠቀሰ የቤተሰቡ ማንነት ታወቀ ማለት ነው። የድርጅቶች የፈቃድ ቅጽ ግን አንድ ፊርማ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ማን አለ?» የሚል መስመር የለውም።

ይሉኝታ ደግሞ ፈቃድን ከውስጥ ይበላዋል። እንበልና አንድ ማኅበር አንዲት እናት አዲስ በመጣች ጊዜ ቤት ፈልጎላታል፤ ቅጽ ሞልቶላታል፤ ልጇን ትምህርት ቤት አስገብቶላታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሠራተኛ ስልክ ደውሎ «እኅቴ፣ በዓመታዊው የራት ምሽት ላይ ሁለት ደቂቃ ብትናገሪልን» ይላታል። እንዴት ብላ እምቢ ትላለች? እምቢ ካለች ወጭት ሰባሪ መባልን ትፈራለች። ሠራተኛውም ክፉ ሰው አይደለም፤ ያስገደዳት አይመስለውም። በቅጹ ላይ «በነፃ ፈቃዴ» የሚል ተጽፎ ፊርማዋ ከታች አለ። ሕጉ የሚያየው ፊርማውን ነው፤ ውለታው ግን በወረቀቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ታሪክ የሚጠይቀው ሰውና አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ፈጽሞ አንድ መሆን የለባቸውም ብለን እናምናለን። ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ለውጥ ነው፤ ብዙ ድርጅቶች ግን አያደርጉትም፤ ምክንያቱም «ትውውቅ ያለው ሰው ቢጠይቅ እሺ ትላለች» የሚለው ስሌት ስለሚሠራ ነው። ችግሩም እርሱው ነው።

ጥገኝነት ጠያቂዎችን በተመለከተ ነገሩ ከሐፍረት ያለፈ ነው። የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 166 እንደደነገገው የስደተኛ ጉዳይ የሚሰማው ሕዝብ በሌለበት ነው። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጠያቂው ዘመዶች በሸሸው መንግሥት ወይም ታጣቂ እጅ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ ቦርዱ በዝግ የሚሰማውን ታሪክ ድርጅቱ በክፍት አዳራሽ እያስነገረ፣ በቪዲዮ እየለቀቀ ከሆነ፣ ሕጉ የዘጋውን በር እኛ ከፈትነው ማለት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ጥገኝነት ጠያቂ ታሪኩን አስቀድሞ በጽሑፍ ለቦርዱ ያቀርባል። የካናዳ ፍርድ ቤቶች ከማልዶናዶ ጉዳይ ጀምሮ የያዙት መርሕ፣ በመሐላ የተሰጠ ቃል ለመጠራጠር ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ እውነት ተደርጎ ይወሰዳል የሚል ነው። የዘመቻ ጸሐፊ ታሪኩን ለማሳጠር ሁለት እስራቶችን አንድ ቢያደርግ፣ «አራት ወር» የነበረውን «ወራት» ብሎ ቢጽፍ፣ ለአንባቢ እንዲቀል ወንድምን አባት ቢያደርግ፣ ያ የመጠራጠር ምክንያት ተፈጠረ። በዘመቻ ሥራ ውስጥ ይህ «አርትዖት» ይባላል፤ በችሎቱ ውስጥ ግን የቃል መለያየት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው ተረት የተነገረው ኢንተርኔት ሳይኖር ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ወለምታው የተናጋሪዋ እንኳ አይደለም። ጉዳዩ ያልተቋጨለትን ጥገኝነት ጠያቂ ታሪክ፣ ስም ተቀይሮም ቢሆን፣ ጠበቃው ሳያየው ማተም መቆም አለበት። በዚህ ላይ ድርድር ያለ አይመስለንም።

ሕጉ ምን ይላል? የፌዴራሉ ሕግ፣ በተለምዶ ፒፔዳ የሚባለው፣ የሚመለከተው የንግድ እንቅስቃሴን ነው። የለጋሾችን ስም ዝርዝር መሸጥ በሕጉ ትርጓሜ በግልጽ የንግድ እንቅስቃሴ ተብሏል፤ የደጋፊን ታሪክ ለገቢ ማሰባሰቢያ ማተም ግን በትርጓሜው አልተጠቀሰም። ይህን ሕግ ይተካል ተብሎ የነበረው ረቂቅ ሕግ ሲ-27 እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ፓርላማው ሲዘጋ ሳይጸድቅ ወድቋል። ኦንታሪዮ የራሷ የሆነ አጠቃላይ የግል ዘርፍ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የላትም። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ ሆስፒታሎች የሕሙማንን የጤና መረጃ ለገቢ ማሰባሰቢያ ሲጠቀሙ የታማሚውን ግልጽ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ታማሚዋ ከሆስፒታሉ ወጥታ ታሪኳን ለአንድ የሕሙማን ማኅበር ብትሰጥ፣ ያው ሕመም፣ ያው ስም፣ ያው ፎቶግራፍ ከሕጉ ጥላ ይወጣል።

ፍርድ ቤቶች ትንሽ ረድተዋል። የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በጆንስና በጽጌ ጉዳይ ወደ ሰው የግል ሕይወት ሰርጎ መግባት ካሳ እንደሚያስከፍል ወስኗል፤ (የተከሳሿ ስም የአማርኛ አንባቢን ዐይን ሳይስብ አይቀርም፤) የሞራል ካሳውንም ጣሪያ 20,000 ዶላር አድርጎታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በኩቤክ ሕግ መሠረት፣ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለች ፎቶግራፏ ያለ ፈቃዷ ለታተመባት ወጣት 2,000 ዶላር ካሳ አጽንቶላታል። ሁለቱም ውሳኔዎች የሚጠብቁት ፈቃዱ ያልተጠየቀን ሰው ነው። የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው፦ ተጠይቃ እሺ ያለች፣ በኋላ ሕይወቷ የተለወጠባት፣ አሁን ይብቃኝ የምትል ሴት። ለእርሷ የኦንታሪዮ ሕግ መልስ የለውም።

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችንም ይመለከታል፤ አንድ ሰው በተገቢ ማስታወቂያ ፈቃዱን ማንሣት እንደሚችልም ይደነግጋል። በዚያ ክፍለ ሀገር የበጎ አድራጎት ሥራ አልቆመም። ኦንታሪዮም እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ መረጃ ጥበቃ ባወጣችው ሰነድ ሕጉን ወደ ንግድ ነክ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ማስፋት አንሥታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የወጣ ሕግ ግን የለም።

ስለዚህ ከኩዊንስ ፓርክ የምንጠይቀው ሕግ ትርፍ የማይሠሩ ድርጅቶችን የሚያካትት፣ ለዘመቻ የሚሰጥ ታሪክ ራሱን የቻለ፣ ጊዜው የተወሰነ ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድድ ይሁን። የጊዜው ልክ ሊያከራክር ይችላል፤ እኛ ሁለት ዓመት ይበቃል እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ደውሎ እንደገና ይጠይቅ። ደውሎ ካላገኛት ያንሣው። ፈቃዷን ያነሣች ሰው ምስሏ ከድርጅቱ ገጾች በ30 ቀን ውስጥ ይውረድ፤ የታተመ ወረቀት ተሰብስቦ ይቃጠል አንልም፤ ዳግመኛ ግን አይታተም። ፈቃድ መከልከሏ ወይም ማንሣቷ በምታገኘው አገልግሎት ላይ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ በምትረዳው ቋንቋ ይነገራት፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ የምትናገረው ሶማሊኛም ከሆነ በሶማሊኛ። እንዲሁም ደረሰኝ ትቀበል። ቃል በቃል ደረሰኝ ማለታችን ነው፦ ምን እንደሰጠች፣ የት የት እንደሚውል፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ለማውረድ ለማን እንደምትደውል የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት።

ሕጉ እስኪወጣ ድርጅቶች መጠበቅ የለባቸውም። የአውሮፓ የልማት ድርጅቶች ስለ ምስልና መልእክት የጋራ የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የ1977ቱ ረሃብ ምስሎች ካስነሡት ቁጣ በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ መርሑ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሳይሆን፣ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነው። ሴቭ ዘ ቺልድረን እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት በፎቶግራፎቹ ላይ የታዩትን ሰዎች ራሳቸውን ሄዶ ጠይቋል፤ በጆርዳን፣ በባንግላዴሽ፣ በኒጀርና በእንግሊዝ። ኒጀር ድረስ ሄዶ መጠየቅ የተቻለ ከሆነ ከዳንፎርዝ ወደ ስካርቦሮ መደወል አያቅትም።

ተቃውሞው ይታወቃል፤ ከፊሉም ከወዳጆቻችን የመጣ ነው። አንደኛው፣ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜና እሑድ የሚያንቀሳቅሷቸው ትናንሽ ማኅበራት ይህን ሁሉ ወረቀት ሊሸከሙ አይችሉም የሚል ነው። ክብደት አለው። ስለዚህ ሕጉ ናሙና ቅጽ በመንግሥት ወጪ በየቋንቋው ያዘጋጅ፤ ትናንሽ ማኅበራትም የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጣቸው። ሁለተኛው፣ ታሪክ ከሌለ ገንዘብ የለም የሚል ነው። ይህኛው የተሳሳተ ጥያቄ ይመልሳል፤ ታሪክ ይቅር ያለ የለም። በታሪክ ፈንታ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ፊት ማኖርም መፍትሔ አይደለም፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሎምቢያ ተቃዋሚዎችን ማንነት ለመጠበቅ ብሎ እንዲህ ያሉ ምስሎችን ቢጠቀም ተወቅሶ ለማንሣት ተገዷል። ዓላማው መልካም ነበር፤ ግን በሐሰት ምስል እውነተኛ መከራን መመስከር ሙግቱን ራሱን ያረክሰዋል።

ታሪክ በባለቤቱ እጅ ሲሆን ምን እንደሚሠራ ለማየት አዲስ አበባን ማስታወስ ይበቃል። በኢትዮጵያ ስለ ኤችአይቪ የነበረው ዝምታ መሰበር የጀመረው ፖስተሮቹ በራቸው ላይ በተሳለ አጽም ሲያስፈራሩ አልነበረም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መቅድምና ተስፋ ጎህ የመሰሉ ማኅበራትን ራሳቸው አቋቁመው፣ ራሳቸው ሊቀ መንበር ሆነው፣ በራሳቸው አንደበት መናገር ሲጀምሩ ነው። ከቤት የተባረሩ፣ ከሥራ የተወገዱ ነበሩ፤ ዋጋውን ያውቁታል። ግን የትኛው መድረክ ላይ እንደሚወጡ፣ ምን እንደሚሉና መቼ እንደሚያቆሙ የሚወስኑት በማኅበራቸው ጉባኤ ነበር። በአዲስ አበባው የሐምሊን የፌስቱላ ሆስፒታልም ማሚቱ ጋሼ የምትታወቀው ታክማ በመዳኗ ብቻ አይደለም፤ ከታካሚነት ተነሥታ ራሷ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በመሆኗ ነው። ታሪኳን ስትናገር የምትናገረው ስለ ሥራዋም ጭምር ነው። በቶሮንቶ ያሉ ማኅበራት ታሪካቸውን ከሚጠይቋቸው ሰዎች መካከል ስንቶቹ በቦርዳቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ቢቆጥሩ፣ ከማንኛውም ቅጽ የበለጠ የሚነግራቸው ነገር ያገኛሉ።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች አንድ ተግባራዊ ነገር እንተው። ቀጣዩ የመረጃ ጥበቃ ረቂቅ፣ የፌዴራልም ይሁን የክፍለ ሀገር፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የትርጓሜውን አንቀጽ ክፈቱ። «ድርጅት» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያካትትና «የንግድ እንቅስቃሴ» የሚለው ሐረግ የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ። ሕጉ የሚሠራው በንግድ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በአዳራሹ ውስጥ የተናገረችው ሴት አሁንም ከውጭ ናት። በማሻሻያው ላይ አብረን ለመሥራት ዝግጁ ነን፤ የአንቀጹንም ረቂቅ ቃላት ለጠየቀ ሁሉ እንልካለን።